ናርማድን በገዛ ብዕሩ መክሰስ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በምዕራብ ሕንድ የጉጃራት ገጣሚ ስለነበረው ስለ ናርማድ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ስለዚህ ሰው በቋንቋችን የሚጻፍ ነገር ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። ስጨርሰው ግን የሕይወት ታሪክ ሳይሆን የክስ ማመልከቻ ሆኖ አገኘሁት። ክሱ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ናርማድ እንግሊዞች አብጅተው የለቀቁት ሰው ነው፤ ማሃራጅ በሚባሉት የሂንዱ ሃይማኖት መሪዎች ምክንያት በተነሣው የ1862ቱ ችሎት ጓደኛው ሲጋፈጥ እሱ ዳር ቆሞ ክብሩን ተካፈለ፤ ስለ መበለቶች መብት እየሰበከ በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት አገባ፤ በኋለኛው ዕድሜው የጻፈውን ሁሉ ክዶ ወደ አሮጌው ሥርዓት ተመለሰ፤ ለብዕር ብቻ እኖራለሁ ያለውን ቃል አጥፎ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ጉጃራት ዛሬ የሚዘምረው ግጥሙም የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ዝርዝር ነው። ስለዚህ የዘመናዊ ጉጃራቲ ሥነ ጽሑፍ አባት መባሉ ይቅር ይላሉ ጸሐፊው።

ማዕረጉ ቢነሳም ባይነሳም እኔን ብዙ አያሳስበኝም። ያሳሰበኝ ማስረጃው የተገኘበት ቦታ ነው። ከስድስቱ ክሶች ሁለቱ ከባዶች፣ የትዳሩና የሐሳብ ለውጡ፣ ለእኛ የደረሱት ጠላቶቹ ስላጋለጡት አይደለም። ሰውየው ራሱ በጉጃራቲ ጽፎ ስላስቀመጣቸው ነው። ጽሑፉ ይህንን አንድም ቦታ ላይ አይነግረንም። የተከሳሹን የእምነት ቃል እየጠቀሱ፣ ቃሉን ማንም ሳያስገድደው መስጠቱን መደበቅ ደግሞ ሚዛን ያዛባል።

ሰውየውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ናርማዳሻንካር ላልሻንካር ዳቬ፣ በአጭሩ ናርማድ፣ ኦገስት 24 ቀን 1833 በሱራት ከተማ ናጋር ብራህሚን ከሚባለው የሂንዱ ካህናት ወገን ተወለደ (እዚህ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በቦምባይ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር ልጅነቱ በሁለቱ ከተሞች መካከል በመመላለስ አለፈ። ሱራት በምዕራብ ሕንድ ጠረፍ ያለች ጥንታዊ የንግድ ወደብ ናት። በምጽዋ ገበያ ባንያን እያልን የምናውቃቸው ነጋዴዎች የመጡት ከዚሁ ከጉጃራት ምድር ነው፤ ከታች የምናገኘው ካርሳንዳስ ሙልጂም ከባንያዎቹ ወገን ነበር። አሕመዳባድ ውስጥ በድንጋይ ጥልፍ መስኮቶቹ የታወቀውን የሲዲ ሰይድ መስጊድ በ1573 ያሠራውም የሐበሻ ዘር ያለው መኳንንት ነው። ስለዚህ አገሩ ለእኛ ያን ያህል ባዳ አይደለም።

ወደ ክሱ ልመለስ። እንግሊዞች አብጅተውታል ለሚለው ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ ትምህርት ቤቱንና ጋዜጣውን ነው። በቦምባይ ኤልፊንስቶን በተባለው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት መማሩ እውነት ነው። በ1851፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ገደማ፣ ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ ሰዎች በማኅበር ቢሰበሰቡ ስለሚያገኙት ጥቅም ንግግር ማድረጉም እውነት ነው፤ ያ ንግግር በጉጃራቲ የዘመናዊ ዝርው ጽሑፍ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። በ1864 የጀመረው ዳንዲዮ የተባለው ጋዜጣም የለንደኖቹን የአዲሰንንና የስቲልን ጋዜጣ አርአያ አድርጎ የተነሣ ነበር። ጸሐፊው እዚህ ላይ ይቆማሉ። ዳንዲዮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ምን ይጽፍ እንደነበር ግን አልተመለከቱም። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የአሜሪካን ጥጥ ከዓለም ገበያ ስላጠፋው የቦምባይ ጥጥ ወርቅ ሆኖ ነበር። ከተማው በአክሲዮን አበደ፤ ትናንት ሱቅ የነበረው ዛሬ ባንክ ከፋች ሆነ። በ1865 ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ሁሉ ወረቀት ተንኮታኮተ። ዳንዲዮ ይህን የአክሲዮን ልክፍት ሲተች፣ ነጋዴውን ሲሸነቁጥ፣ የራሱን የለውጥ ጓደኞች በወሬ ብቻ ትቀራላችሁ እያለ ሲያሽሟጥጥ ነው የኖረው። ሞዴሉ ከለንደን ቢመጣም ያሽሟጠጣቸው ሰዎች የሱራትና የቦምባይ ሰዎች ነበሩ፤ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም በአንድ ሰፈር ይገናኙ ነበር።

እንግሊዝን ያደንቅ ነበር? አዎ፣ ያደንቅ ነበር። ጋንዲ በጻፉት የሕይወት ታሪክ ውስጥ በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ልጆች ይዘምሩት የነበረ የናርማድ ስንኝ ያነሣሉ፦ ኃያሉን እንግሊዛዊ እዩት፣ ሥጋ በል ስለሆነ አምስት ክንድ ይረዝማል፣ ትንሹን ሕንዳዊ የሚገዛውም ለዚህ ነው ይላል። ጋንዲን በድብቅ የፍየል ሥጋ እንዲቀምሱ ከገፋፏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ስንኝ ነበር። ጸሐፊው ይህችን ስንኝ የአጎብዳጅነት ምስክር አድርገው ጠቅሰዋታል። እኔ ሳነባት ግን የምትቆጠቁጠው ሕንዳዊውን ነው። አንድ ሰው የአገሩን ልጆች አንሳችኋል ብሎ ሲያናድዳቸው ገዢውን እያወደሰ ነው ማለት አይቻልም፤ የአማርኛ ፉከራና ሽለላ የሰማ ሰው ይህን ስልት ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ የዘመኑ ቅደም ተከተል የጸሐፊውን ክስ ያፈርሰዋል። መበለቶች እንደገና እንዲያገቡ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1856 ነው። ሕንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ካነሡት ከ1857ቱ አመፅ በኋላ ግን ንግሥት ቪክቶሪያ ኖቬምበር 1 ቀን 1858 ባወጣችው አዋጅ መንግሥቷ በሕንዶች ሃይማኖት ጣልቃ እንደማይገባ ቃል ገባች። ናርማድ የመምህርነት ሥራውን የለቀቀው በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ነው። መንግሥቱ ከሰው ጓዳ እጁን እየሰበሰበ ባለበት ወር ደመወዙን ትቶ ስለ ሰው ጓዳ ለመጻፍ የተነሣን ሰው የመንግሥት መሣሪያ ማለት እንዴት ይቻላል? ያ ቀን እንዴት እንደነበር የነገረን ራሱ ነው። ቤቱ ገብቶ ብዕሩን ተመለከተ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከእንግዲህ በጉያሽ ነኝ አላት። ትንሽ የተጋነነ ትዕይንት ነው፤ ገጣሚ ነውና ይፈቀድለት። ቀጥሎ የመጣው ዕዳ ግን ምንም ማጋነን የለበትም።

ሕጉም ቢሆን ወጣ እንጂ ማንንም አላጋባም። እንደገና ያገባች መበለት ከሟች ባሏ ያገኘችውን ንብረት ታጣለች የሚል አንቀጽ ነበረበት። ከዚያ በላይ ደግሞ የካስት፣ ማለት ሰው በትውልድ የሚወርሰው የማኅበራዊ ወገን፣ ሸንጎ ነበር፤ መበለት ያገባ ሰው ከወገኖቹ ማዕድ ይገለላል፣ ለልጆቹ የሚያገባለት ያጣል፣ ሲሞት አስከሬኑን የሚሸኝ ይቸገራል። ይህን የሚያፈርሰው የእንግሊዝ ዳኛ አይደለም። እውነት በእንግሊዝ ገንዘብ የተደገፈ ጉጃራታዊ ገጣሚ ከተፈለገማ የናርማድ ባላንጣ ዳልፓትራም ነበር፦ አሌክሳንደር ኪንሎክ ፎርብስ የተባለው እንግሊዛዊ ባለሥልጣን ቀጥሮ ጉጃራቲ አስተምረኝ አለው፣ በ1848 አሕመዳባድ ውስጥ የተቋቋመውን የጉጃራቲ ቋንቋ ማኅበርም አብረው አሳደጉት። ይህን የምለው ዳልፓትራምን ለማሳነስ አይደለም፤ ለውጥ ቀስ በቀስ ይምጣ የሚል አስተዋይ ሰው ነበር፣ ማኅበሩም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የምለው ጸሐፊው ክሱን የላኩት በተሳሳተ አድራሻ ነው።

ስለ ማሃራጆቹ ችሎት ጸሐፊው ግማሹን ልክ ብለዋል። ማሃራጅ የሚባሉት የቫላባቻርያ የተባለውን መምህር መንገድ የሚከተለው የቫይሽናቫ እምነት (ቪሽኑን የሚያመልከው የሂንዱ ክፍል) ሥልጣንን በዘር የሚወርሱ መሪዎች ነበሩ። ተከታዮቻቸው ሀብታም ነጋዴዎች ነበሩ፤ መሪዎቹ በአምልኮ ስም በምእመናን ሚስቶችና ሴት ልጆች ላይ ስለሚያደርጉት ነገር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ የአደባባይ ምስጢር ነበር። በ1860 የናርማድ ጓደኛ ካርሳንዳስ ሙልጂ ሳትያፕራካሽ በተባለው ጋዜጣው ላይ ስም ጠርቶ ጻፈው። የሱራቱ ማሃራጅ ጃዱናትጂ ስሜን አጠፋ ብለው 50,000 ሩፒ ካሣ ጠየቁ። ችሎቱ በጃንዋሪ 1862 በቦምባይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከፈተ። ዳኞቹ ሶስ እና አርኖልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የማሃራጆቹ ተከታዮች ማንም በማሃራጁ ላይ እንዳይመሰክር ተማምለው ስለነበር ያ ሤራ ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ሆኖ ታየ። ከመከላከያ ምስክሮቹ መካከል ማሃራጆቹን ለአባለዘር በሽታ ያከሙ ሐኪሞች ነበሩ፤ ዕውቁ ዶክተር ባሁ ዳጂ አንዱ ናቸው። ኤፕሪል 22 ቀን 1862 ፍርዱ ለተከሳሾቹ ሆነ፣ ከ11,000 ሩፒ በላይ ኪሣራም ተወሰነላቸው።

የዚህ ችሎት ጀግና ካርሳንዳስ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ገና ተማሪ ሳለ ስለ መበለቶች ጋብቻ ድርሰት ጀምሯል ተብሎ ያሳደጉት አክስቱ ከቤት ያባረሩት፣ በኋላም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር በመሄዱ ወገኖቹ ያወገዙት ሰው ነው። ጸሐፊው የተሳሳቱት ነገሩን ከ1862 መጀመራቸው ላይ ነው። ከጃዱናትጂ ጋር በአደባባይ የተፋጠጠው መጀመሪያ ናርማድ ነበር። ማሃራጁ ወደ ቦምባይ በመጡ ጊዜ በመበለቶች ጋብቻ ላይ በግልጽ እንከራከር ብሎ የጠራቸው እሱ ነው። ኦገስት 21 ቀን 1860 ተገናኙ። ያ አዳራሽ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት አይከብድም፦ አንድ የ26 ዓመት ገጣሚ፣ ፊት ለፊቱ በምእመናኑ ዘንድ የአምላክ አምሳል ተደርገው የሚሰገድላቸው መሪ፣ ዙሪያውን በቁጣ የሚንተከተከው የተከታይ ብዛት። ማሃራጁ ክርክሩን ከመበለቶቹ አንሥተው ቅዱሳት መጻሕፍቱ ከእግዚአብሔር ናቸው ብለህ ታምናለህ አታምንም ወደሚል ጥያቄ ወሰዱት። ብልህ ሰው ነበሩ፤ የጥያቄው መልስ ምንም ይሁን ምን ሕዝቡ እንደሚነሣበት ያውቁ ነበር። ክርክሩ ያለ ውጤት ተበተነ። ጋዜጦቹ ግን ነገሩን አነሡት፣ ማሃራጁም በጋዜጣ መመለስ ጀመሩ፣ የካርሳንዳስ ጽሑፍም የመጣው ከዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው። አንዱ እሳቱን ለኮሰ፣ ሌላው ተቃጠለበት ቢባል እቀበለዋለሁ። ተደበቀ ማለት ግን ከተጻፈው ጋር አይሄድም።

ሦስተኛው ክስ ነው ከሁሉ የሚከብደው፤ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ።

በዚያ ዘመን የላይኛው ካስት ጉጃራታዊት መበለት ምን ትሆን እንደነበር ጸሐፊው በአንድ መስመር አልፈውታል። ባሏ በሞተ ጊዜ የእጇ አምባር ይሰበራል። ፀጉሯ ይላጫል። ጌጥ አታደርግም፣ ቀለም ያለው ልብስ አትለብስም፣ ሠርግ ቤት ገደቢስ ናት ተብላ አትጠራም። ልጆች በአሥርና በአሥራ አንድ ዓመታቸው ስለሚጋቡ መበለቲቱ አንዳንዴ ባሏን በወጉ ሳታውቀው የቀረች ሕፃን ናት። ናርማድ ራሱ በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው ጉላብ ከምትባል ልጅ ጋር የተጋባው። እሷ በ1853 ስትሞት እሱ ሊያገባ ሌላ ልጃገረድ አላጣም፤ በ1856 ዳሂጋውሪን አገባ። ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ እሱ ሞቶ ጉላብ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር ለማወቅ ከጎረቤት በር ማለፍ አያስፈልገውም ነበር። ስለ መበለቶች የጻፋቸው ግጥሞች ለዚህ ይመስለኛል የስብከት ሽታ የማይሸቱት፤ ሰውነትን፣ ወጣትነትን፣ የሌሊት ብቸኝነትን በስማቸው ይጠራሉ። በጨዋ ጉጃራቲ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም ነበር፤ ብዙ ሰው የተቆጣውም ከመብቱ ይልቅ በዚህ ነው።

ሱራት ውስጥ ሳራስዋቲ ማንዲር ብሎ የሰየመውን ቤት ከሠራ በኋላ ከወገኖቹ የተባረሩ መበለቶችን ያስጠጋ ጀመር። ሐሜቱ ሰፈሩን ሞላው። ከዚያም በ1870 አካባቢ ከነዚህ ሴቶች አንዷን፣ ናርማዳጋውሪን፣ አገባ። ዳሂጋውሪ ያን ጊዜ በሕይወት አለች፣ በቤቱም ውስጥ አለች። በሚስቱ ላይ ሌላ አገባ የሚለው ክስ እንግዲህ እውነት ነው። በጊዜው ሕግ አይከለክለውም ነበር፤ ለሂንዱ ወንድ በሚስት ላይ ሚስት ማግባት በቦምባይ ግዛት የተከለከለው በ1946፣ በመላ ሕንድ በ1955 ነው። ይህ ግን ማመካኛ አይሆንም፣ እኔም ማመካኛ አላደርገውም። ለሴቶች ነጻነት የታገለ ሰው የትግሉን ዋጋ አንዷ ሴት እንድትከፍል አደረገ። ዳሂጋውሪ ምን እንደተሰማት የምናውቀው ያው በባሏ ብዕር በኩል ነው፤ በራሷ እጅ የጻፈችው ቃል ቢኖር ኖሮ የዚህን ታሪክ ፍርድ ለሷ እተው ነበር።

ጸሐፊው ግን ከዚህ እውነት ተነሥተው ሁለት ነገር ይጨምራሉ። አንደኛ፣ የመበለት ጋብቻ የሚባለው ነገር ሁሉ ለሴሰኝነቱ ሽፋን ነበር ይላሉ። ሽፋን የሚፈልግ ሰው ማግባት አያስፈልገውም ነበር። የዚያ ዘመን ሱራት ገንዘብና ስም ላለው ወንድ መደበቂያ አያሳጣም፤ ማሃራጆቹን ማየት ይበቃል። ናርማድ በአደባባይ ማግባቱ ነው ከወገኖቹ ማዕድ ያስወጣው። በ1870 የተወለደውን ልጁን ጃይሻንካርንም ስሙን ሰጥቶ አሳደገ። ሁለተኛ፣ ይህን ሁሉ ተመራማሪዎች ከብዙ ዘመን በኋላ እንዳጋለጡት አድርገው ይጽፋሉ። ይኸኛው ነው ያስቆጣኝ። በ1866፣ በ33 ዓመቱ፣ ናርማድ የራሱን ሕይወት ታሪክ ጻፈ። በጉጃራቲ ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም። መልኩን፣ ጠባዩን፣ ቁጣውን፣ ጠቡን፣ የሴት ወዳጅነቱን፣ ገንዘብ አያያዙን ጻፈ። በመቅድሙ ላይ የሚጽፈው ቢጠቅመውም ቢጎዳውም፣ ሰው ቢወድለትም ቢጠላበትም እውነት እንደሚሆን ቃል ገባ። ጥቂት ቅጂ ብቻ አሳትሞ ለቅርብ ጓደኞቹ ሰጠ። መጽሐፉ በሙሉ ለሕዝብ የወጣው በተወለደ በመቶ ዓመቱ በ1933 ነው። ከ1866 በኋላ ስለ ዳሂጋውሪና ስለ ናርማዳጋውሪ ጉዳይ የጻፋቸው ማስታወሻዎችም አሉ። ጸሐፊው የተጠቀሙበት ዝርዝር በሙሉ የመጣው ከነዚህ ነው። ሰውየው የገዛ ነውሩን ለመጪው ትውልድ አስቀመጠለት፤ እኛ ደግሞ ያዝነው ብለን ፎከርን።

አራተኛው፣ ሁሉን ካደ የሚለው ነው። ናርማድ ተለውጧል። በ1870ዎቹ አጋማሽ ራጅያራንግ የሚባል የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ ብዙ አነበበ፤ ሕንድን የጣላት የራሷ ሥርዓት ብቻ ነው የሚለው የወጣትነት እምነቱም ተናጋ። ዘመኑም ተለውጦ ነበር፦ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1875 ቦምባይ ውስጥ አርያ ሳማጅ የተባለውን የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር መሠረተ፣ በ1879 የምሥራቅን ጥበብ የሚያወድሱት ምዕራባውያን ቲዮሶፊስቶች መጡ፣ የተማረው ክፍል የአባቶቹን መጻሕፍት መልሶ ይገልጥ ጀመር። በወጣትነቱ አብረውት የፎከሩት ጓደኞቹ ደግሞ ልጆቻቸውን በካስታቸው ወግ እየዳሩ ነበር። በ1885 ዳርማቪቻር በተባለው መጽሐፉ የለውጥ አራማጆች፣ ራሱን ጨምሮ፣ የአገሪቱን ሃይማኖት ሳይመረምሩ ማፍረስ መጀመራቸውን ነቀፈ።

ይህን ክህደት ማለት ይቻላል። እኔ አልለውም። ክህደት የሚሆነው ሰው ትናንት ያስተማረውን ዛሬ አላልኩም ሲል ነው። ናርማድ ትናንት ይህን ብያለሁ፣ ዛሬ ይህን እላለሁ፣ ምክንያቴም ይኸው ብሎ አሳተመ። የድሮ መጽሐፎቹን አላቃጠለም፤ ናርማዳጋውሪን ከቤቱ አላስወጣም። አንዳንድ የኋለኛ ሐሳቦቹን አልወድም፤ በተለይ ለውጡን ከሥር የመጣ ድካም እንጂ ከክርክር የመጣ እምነት እንዳልሆነ የሚያስመስሉ ገጾች አሉት። ግን ከ1858 እስከ 1870 ያደረገውን የ1885ቱ መጽሐፍ ሊሰርዘው አይችልም፣ ምክንያቱም ነገሩ ከእጁ ወጥቷል። እሱ ዳርማቪቻርን ሲያዘጋጅ ፓርሲው (ፓርሲዎች ከፋርስ የመጡ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ናቸው) ቤህራምጂ ማላባሪ፣ እሱም በጉጃራቲ የገጠመ ሰው፣ በ1884 ስለ ሕፃናት ጋብቻና ስለ መበለትነት ያሠራጨው ማስታወሻ አገሩን ያናውጥ ነበር፤ ያ ክርክር በ1891 ከሴት ልጅ ጋር ሩካቤ የሚፈቀድበትን ዕድሜ ከአሥር ወደ አሥራ ሁለት ከፍ ባደረገው ሕግ ተቋጨ። አሥራ ሁለት! ዛሬ ሲያዩት ያሳፍራል፤ ያኔ ግን ለዚያች ለሁለት ዓመት ስንት ተዋግተውባታል።

ደመወዙን በተመለከተ ረጅም መልስ አያስፈልግም። በ1882 ቦምባይ ውስጥ በጎኩልዳስ ቴጅፓል የበጎ አድራጎት ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጠረ፤ ብዕሬ ያብላኝ ካለ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የመንግሥት ሹመት አይደለም፣ የገዢ ጉርሻ አይደለም። መጻሕፍቱን በራሱ ኪስ እያሳተመ ዕዳ የዋጠው፣ ጤናውም የተጓደለ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ደጃፍ ላይ ሥራ ያዘ። ቃሉን መስበሩ እንዳስለቀሰው ይነገራል። ጸሐፊው በዚህ መሳለቃቸው አላማረባቸውም።

የቀረው መዝሙሩ ነው። ጃይ ጃይ ጋርቪ ጉጃራት የሚለውን ግጥም በ1873 ነው የጻፈው። በሰሜን አምባ ማታ፣ በምሥራቅ ካሊ ማታ፣ በደቡብ ኩንቴሽዋር ማሃዴቭ፣ በምዕራብ ሶምናትና ድዋርካ ይጠብቋታል ይላል፤ ሁሉም የሂንዱ መቅደሶች ናቸው። ጸሐፊው እዚህ ላይ የጠቀሱት ልክ ነው፤ የጉጃራት ሙስሊምና ፓርሲ ይህን ሲዘምር ምን ይሰማዋል ማለታቸውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን በ1873 ጉጃራት የሚባል ግዛት በካርታ ላይ አልነበረም። ከፊሉ በእንግሊዝ አውራጃዎች፣ ከፊሉ በባሮዳው ንጉሥ፣ ከፊሉ በካቲያዋር መሳፍንት እጅ የተበጣጠሰ ምድር ነበር። ጉጃራት ራሷን የቻለች ክልል የሆነችው በሜይ 1 ቀን 1960 ነው፣ እሱም በቋንቋ መሠረት። ካርታ ለሌለው አገር ወሰን ሊያሰምር የፈለገ ገጣሚ ተራው ሕዝብ በእግሩ ሄዶ የሚሳለማቸውን ቦታዎች ምልክት ቢያደርግ አይገርምም። ከዚህ ሌላ የጉጃራት ባለቤት ማነው ብሎ የሚጠይቅ ግጥም አለው። እዚያ ላይ ምድሪቱ ያሳደገቻቸው ባዕዳን፣ ሌላ እምነት ይዘው መልካሟን የሚመኙ ሁሉ ወንድሞቻችን ናቸው፣ ጉጃራት የእነሱም ናት ይላል። ጸሐፊው አንዱን ግጥም ጠቅሰው ሌላውን ማስቀረታቸው ምርጫ ነው። የፓርሲዎቹንም ነገር ካነሣን፣ የጉጃራቲን ጋዜጣ በ1822 የጀመሩት ፓርሲዎች ናቸው። በማሃራጆቹ ክስ ከካርሳንዳስ ጋር የተከሰሰው የማተሚያ ቤት ባለቤት ናናብሃይ ራኒና ፓርሲ ነው። ናርማድ የኖረው በእነዚህ ሰዎች መካከል ነበር።

ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት መዝገበ ቃላቱን ነው፤ የእንግሊዝ ቅጂ ነው ብለው። ናርማኮሽ ጉጃራቲን በጉጃራቲ የሚፈታ የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጉጃራቲን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚተረጉሙ ነበሩ፤ ለሚሲዮናዊውና ለባለሥልጣኑ የተሰናዱ። ናርማድ በ1861 ገደማ ጀምሮ ሙሉውን በ1873 ሱራት ውስጥ አሳተመው፤ ከ25,000 በላይ ቃላት፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ በጀት፣ በግል ዕዳ። የሆሄው አጻጻፍ በየጸሐፊው ስለሚለያይ ለራሱ ደንብ ማውጣት ነበረበት፤ ለመላው ቋንቋ የሚሆን የተስማሙበት ደንብ የመጣው በጋንዲ ግፊት በ1929 ነው። በዚያው ሰሞን በ1870 የናጋር ሴቶች በሠርግና በበዓል የሚያዜሟቸውን ዘፈኖች ሰብስቦ አሳተመ። ወንዶቹ ምሁራን ዘወር ብለው የማያዩትን የጓዳ ቃል ወደ መጽሐፍ አስገባ ማለት ነው። ይህ ከየትኛው የለንደን መጽሐፍ ተገልብጦ ይሆን?

ሁለት ጥቃቅን እርማቶች ይቀሩኛል። ጽሑፉ ዳንዲዮ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ ይላል፤ ጋዜጣው በ1869 ከሌላ ጋዜጣ ጋር ተዋሕዶ ነው ያበቃው። እንዲሁም ናርማድ በሰባ ዓመቱ በድሎት እንደሞተ ተጽፏል። የሞተው በፌብሩዋሪ 1886 ቦምባይ ውስጥ በ52 ዓመቱ ነው፤ ዳርማቪቻር ከወጣ ገና አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር።